የጋራ ኅዳግ ማስታወሻ

«ሶሻል አኖቴሽን» የሚባለው የንባብ ስልት ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚገኝን ጽሑፍ እያነበቡ በመረጡት ቃል ወይም ዐረፍተ ነገር ላይ ጥያቄያቸውን የሚያሰፍሩበት፣ ጓደኞቻቸውም እዚያው የሚመልሱበት ሲሆን፣ በአማርኛ «የጋራ ኅዳግ ማስታወሻ» ሊባል ይችላል። ኅዳግ ከጽሑፉ ዓምድ ውጭ ባዶ የሚቀረው የገጽ ዳርቻ ስለሆነ፣ «የግርጌ ማስታወሻ»ን ለለመደ አንባቢ ስያሜው እንግዳ አይሆንም። «አንድምታ» የሚለው ቃል ይበልጥ ያማልላል፤ በትርጓሜ ቤት የግእዙ ንባብ በአማርኛ ሲፈታ አንዱ ፍቺ ሌላውን ሳይሽር «አንድም» እየተባለ ይደረደራልና። ይሁንና አንድምታ ከመምህር የሚቀበሉት እንጂ ጀማሪ ተማሪ እንዳነበበ የሚጨምርበት ስላልሆነ፣ ለዚህ ማዋሉ የቃሉን ክብደት ያቀልላል።

የአሠራሩ ቁልፍ ማስታወሻው ከዋናው ጽሑፍ ተለይቶ መቀመጡ ነው። የዓለም አቀፉ የድር ጥምረት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 ባጸደቀው የድር ማስታወሻ ደረጃ መሠረት፣ የማስታወሻ መሣሪያው የተመረጡትን ቃላት ከፊታቸውና ከኋላቸው ካሉት ጋር መዝግቦ ቦታቸውን በዚያ ምልክት መልሶ ሊያገኝ ይችላል፤ የገጹ ባለቤት ያን ክፍል ከለወጠው ግን ማስታወሻው መያዣ አጥቶ ሊንሳፈፍ ይችላል። «ፀሐይ»ን «ጸሀይ» ብሎ ማረም ለአማርኛ አንባቢ ምንም ያልተለወጠ ቢመስለውም፣ ለመሣሪያው የፊደል ልዩነት ነው። በዚህ ረገድ የታወቁት መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ሃይፖተሲስና የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከባልደረቦቹ ጋር ያስጀመረው ፐሩሶል ሲሆኑ፣ ፐሩሶል የተማሪዎችን አስተያየት በማሽን ነጥብ እስከ መስጠት ይደርሳል።

ስልቱ በጅማ ዞን እንደምትገኘው ሊሙ ገነት ባለ ከተማ የሚኖረው ጥቅም ከቋንቋ ይነሣል። የጅማ ዞን ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ከ9ኛ ጀምሮ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይገጥመዋል፤ ያን ጊዜ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ትምህርቱን አለማወቁ ሳይሆን የሚያውቀውን ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ለይቶ አለማየቱ ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1971 ስለታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ፣ ወይም ስለ እሸት ቡና እጥበትና ስለ ጀንፈል አደራረቅ የሚተርክ የእንግሊዝኛ ንባብ ቢቀርብ፣ ከቡና አምራች ቤት የመጣ ተማሪ በኅዳጉ የሚጽፈው የአፋን ኦሮሞ መጠሪያ ለመላው ክፍል መዝገበ ቃላት ይሆናል። በአካባቢው የእስልምና ትምህርት ውስጥም በዐረብኛ ኪታብ ዳርቻ የሚሰፍረው ሐሺያ የሚሠራው ከዚህ የሚቀራረብ ሥራ ነውና፣ አዲስ የሆነው መሣሪያው እንጂ ልማዱ አይደለም። ማስታወሻው ከአንድ በላይ በሆነ ቋንቋ በሚደባለቅበት ክፍል ግን እንደ ፐሩሶል ካለው የማሽን ነጥብ ይልቅ የመምህሩን ዓይን ማመን ይሻላል።

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ መምህሩ ንባቡን ሰፊ ኅዳግ ትቶ በወረቀት ማተምና ከእጅ ወደ እጅ ማዘዋወር ይችላል፤ መስመር ሲገኝ የተመረጡት ማስታወሻዎች ወደ ገጹ ይገለበጣሉ። በሃይፖተሲስ ለሚሠራ ክፍል ደግሞ አስቀድሞ ዝግ ቡድን መክፈት ያስፈልጋል፤ ይህ ካልተደረገ በይፋ የተጻፈ ማስታወሻ ለማንም የሚታይ ስለሚሆን፣ መሳሳትን የሚፈራ ተማሪ ዝም ማለትን ይመርጣል።