ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ፦ የአንድ ጎዳና ዓላማ

ስለ መንገድ ሥራ ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ የድካሙ ታላቅነትና የቦታው አስቸጋሪነት በሰፊው ይወሳል። መንገዱ ማንን፣ ለምን ያህል ዘመንና ለምን ዓይነት ጭነት እንዲያገለግል ታስቦ ተቀየሰ የሚለው ጥያቄ ግን ብዙውን ጊዜ ይታለፋል። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው መስመር ታሪክ ይህን ጥያቄ አጉልቶ ያሳያል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ ደብረ ታቦርን ዋና መቀመጫቸው አደረጉ። ከተማይቱ በጉና ተራራ አጠገብ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ተነሥተው ወደ ጎንደር፣ ወደ ጎጃምና ወደ መቅደላ የሚወስዱ መንገዶችን ማሠራት ጀመሩ። በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን እንደ ጻፉት፣ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ ነበር። የእነዚህ መንገዶች ግብ ሩቅ ነበር፤ ይኸውም የተከፋፈለውን አገር ከአንድ ማዕከል ጋር ማስተሳሰር ነው።

ዳሩ ግን በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ ግዛታቸው ወደ ደብረ ታቦር ዙሪያ ተሰበሰበ፤ የመንገዱም ዓላማ አብሮ ጠበበ። በጋፋት በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ከተሠሩት መድፎች ትልቁ፣ ሴባስቶፖል የተባለው፣ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ጉዞ ሲጀምሩ፣ የመንገዱን ስፋትና ተዳፋት የሚወስነው ይኸው አንድ ጭነት ሆነ። በቅሎ የምትወጣውን አቀበት በሰው ጉልበት የሚጎተት ከባድ ሠረገላ ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ በጨጨሆ አቀበት፣ እንዲሁም ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወርዱት በጅዳና በበሽሎ ሸለቆዎች ገደሉን መቁረጥ፣ ቋጥኙንም በባሩድ ማፍረስ ግድ ሆነ። አምስት ወር ተኩል ያህል ከፈጀ ጥረት በኋላ መድፉ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ።

ይሁን እንጂ መድፉ የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ዐረፉ። የጅዳን ገደል ለመሻገር በዚያው አዲስ መንገድ የተጠቀመው የጄኔራል ናፒየር ጦር ነበር። ናፒየር በበኩሉ ከዙላ ወደብ አጭር የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ ከህንድ ባመጣቸው 44 ዝሆኖች መድፎቹን አጓጉዟል። ግቡ አንድ ዘመቻ ብቻ ስለ ነበረ፣ ዘመቻው ሲያበቃ ጦሩ አገሩን ለቆ ወጣ። ቴዎድሮስ የሠሩትን መንገድም በየክረምቱ የሚጠግን ቋሚ ድርጅት አልነበረም። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1943 ዓ.ም. ነው።

ያም ሆኖ የመስመሩ አስፈላጊነት አልጠፋም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራውና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው የወረታ–ወልዲያ መንገድ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆና በጋሸና ያልፋል። ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ይህ ጎዳና የጣናን አካባቢ ከወሎ ጋር ሲያገናኝ፣ ቴዎድሮስ ከረገጡት አቀበት ላይ እንደገና ወጥቷል። ልዩነቱ ጭነቱ ነው፤ በመድፍ ፋንታ እህል፣ ገበያተኛና በሽተኛ ያመላልሳል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዛሬው ቀያሽ ቅርብ ነው። አውራው መንገድ የክልሉ የጀርባ አጥንት ቢሆንም፣ ከጉና ግርጌና ከጋይንት ገደላማ ቀበሌዎች የሚነሣው ገበሬ እርሱን የሚያገኘው በመጋቢ መንገድ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሁሉ አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ ከሚያገለግል መንገድ ጋር ለማገናኘት ያለመው ስለዚህ ነበር። የረዥም ጊዜ ግብ ሲወጠን፣ የሚሠራው ኪሎ ሜትር ከመቈጠሩ በፊት ተጠቃሚው፣ ጭነቱና ጠጋኙ ተለይተው ሊታወቁ ይገባል። ለአንድ ጭነት የተቈረጠ ገደል ጭነቱ ሲያልፍ ባለቤት ያጣል፤ ለሕዝብ ኑሮ የተቀየሰ መስመር ግን መንግሥት ቢለወጥም ፈላጊ አያጣም።