የተናጋሪዎች ጥግ (ለንደን)

በለንደን ሃይድ ፓርክ ሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን፣ ከማርብል አርች አጠገብ የሚገኝ የአደባባይ ንግግር ስፍራ። እሑድ እሑድ ማንም ሰው መሰላል ወይም ሣጥን ላይ ቆሞ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ፖለቲካ ወይም ስለወደደው ጉዳይ ይናገራል። አድማጩም ዝም ብሎ አይሰማም፤ መሃል ገብቶ ይሞግታል። የስፍራው ትልቅ ዋጋ ይህ ሙግት ነው።

መብቱ በችሮታ አልተገኘም። በ1866 እ.ኤ.አ. የመምረጥ መብት ይስፋ ብለው የተሰለፉ ሰዎች ፓርኩ ሲዘጋባቸው የብረት አጥሩን ገንድሰው ገቡ፤ በ1872 የወጣው የፓርኮች ሕግም ለአደባባይ ንግግር መንገድ ከፈተ። ማርክስና ሌኒን ስፍራውን ጎብኝተዋል።

ተናጋሪው ግን ከሕግ በላይ አይደለም። በ1999 ዳኛ ስቲቨን ሴድሊ፣ ዌክፊልድ ካቴድራል ደጃፍ ስለሰበኩ ሴቶች ሲፈርዱ ይህንኑ ስፍራ በምሳሌነት ጠቅሰው፣ የመናገር ነጻነት ሁከት እስካልቀሰቀሰ ድረስ የሚያናድድ ንግግርንም እንደሚያካትት ወሰኑ።