የሌዘር ቦርሳይት

የሌዘር ቦርሳይት የጠመንጃ ማነጣጠሪያ ከበርሜሉ አቅጣጫ ጋር በግምት እንዲገጥም የሚረዳ ትንሽ መሣሪያ ነው። ጥይት ሳይተኮስ በኢላማው ላይ የብርሃን ነጥብ ይጥላል፤ የጠመንጃው ባለቤትም ማነጣጠሪያውን ወደዚያ ነጥብ እያቀረበ ያስተካክላል። አዲስ መነጽር ሲገጠም፣ ጠመንጃው በጉዞ ሲንገላታ ወይም ለጥገና ተፈትቶ ሲገጣጠም ጥይትና ጊዜ ይቆጥባል። ብዙዎች እንደሚያስቡት ግን ጠመንጃውን «ዜሮ» አያደርግም፤ ማለትም ጥይቱ በታለመበት ቦታ ማረፉን አያረጋግጥም። ሌዘሩ የሚያሳየው በርሜሉ ወዴት እንደዞረ ነው፤ አረሩ የት እንደሚያርፍ የሚታወቀው ሲተኮስ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት የናይሮቢን ያህል የሚመች ቦታ ጥቂት ነው፤ የከተማዋ የአደን ታሪክም፣ ከፍታዋም፣ ፀሐይዋም እያንዳንዳቸው አንድ ምክንያት ያሳያሉ።

ስያሜ

ቃሉ ከእንግሊዝኛ የተወረሰ ነው፤ «ቦር» የበርሜሉ ቀዳዳ፣ «ሳይት» ማነጣጠሪያ ማለት ነው። በስዋሂሊ ጠመንጃ «ቡንዱኪ» ይባላል። ይህ ቃል ከዐረብኛው «ቡንዱቅ» መምጣቱ አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ከዚያ በፊት ያለው ነው። አንዱ ወገን ቡንዱቅ የአንድ ለውዝ መሰል ፍሬ ስም እንደሆነና በቀስት ይወረወር የነበረው ድቡልቡል እንክብልም በዚሁ ስም ይጠራ እንደነበር ጠቅሶ፣ ስሙ ከሚወረወረው ነገር ወደ መሣሪያው ተሻገረ ይላል። ሌላው ዐረቦች ቬኒስን «አል ቡንዱቂያ» ማለታቸውን ይዞ መሣሪያውን ከዚያች ከተማ ጋር ያያይዛል። የመጀመሪያው አስተያየት የሚያመዝን ይመስላል፤ የእኛው «ነፍጥ»ም ተመሳሳይ መንገድ የተጓዘ ነውና። የዐረብኛው ቃል መጀመሪያ ተቀጣጣይ ዘይትን ያመለክት ነበር፤ በግብፅ በማምሉኮች ዘመን ወደ ባሩድና ወደ ባሩድ መሣሪያ ዞረ። የታሪክ ምሁሩ ዴቪድ አያሎን በማምሉኮች መሣሪያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የትርጉም ሽግግር መርምሮታል። «ጠመንጃ» ደግሞ ከቱርክኛው «ታባንጃ» ጋር ይያያዛል። በአማርኛ አፍ የተገሩት ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበንና ስናድር ግን ምንጫቸው ግልጽ ነው፤ ፊዚ ግራ፣ ማንሊከር፣ ለበል እና ስናይደር ናቸው።

አሠራር

ከሌዘር በፊት የነበረው ዘዴ ዛሬም ይሠራል። ከኋላው በሚከፈት ጠመንጃ መዝጊያው ይወጣል፤ ጠመንጃው እንዳይነቃነቅ ተደርጎ ይደገፋል፤ በቀዳዳው ውስጥ አሻግሮ እየታየ ኢላማው መሀል ይደረጋል፤ ከዚያ ጠመንጃው ሳይንቀሳቀስ ማነጣጠሪያው ወደዚያው ይስተካከላል። ከኋላ ማየት በማይቻልባቸው ጠመንጃዎች ግን ዓይን መግቢያ የለውም። ሌዘሩ በይበልጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።

መሣሪያዎቹ በሦስት ዓይነት ይገኛሉ። አንደኛው ቅርጹ ጥይት መስሎ፣ ጥይት በሚጎርስበት ክፍል የሚገባ ነው። ሁለተኛው በዘንግ አፈሙዙ ውስጥ የሚሰካ ሲሆን፣ ሦስተኛው በማግኔት አፈሙዙ ላይ የሚለጠፍ ነው። ብርሃናቸው ብዙውን ጊዜ ከ635 እስከ 650 ናኖሜትር የሆነ ቀይ፣ ወይም 532 ናኖሜትር የሆነ አረንጓዴ ነው። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን ይበልጥ የሚነቃው በ555 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ እኩል ኃይል ካላቸው አረንጓዴው ደምቆ ይታያል። ከምድር ወገብ አንድ ዲግሪ ከሩብ ያህል ብቻ ወደ ደቡብ በምትገኘው ናይሮቢ እኩለ ቀን ላይ ቀይ ነጥብ በ50 ሜትር ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው፤ ጥላ ያለበት ቦታ፣ ማለዳ ወይም አመሻሽ ይመረጣል።

ርካሽ ሌዘር ራሱ የተጣመመ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ በገባበት እንዳለ በቀስታ ይሽከረከራል። ነጥቡ ባለበት ከቆየ ሌዘሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ክብ ከሠራ ደግሞ የበርሜሉን አቅጣጫ የሚያሳየው የክቡ መሀል እንጂ ነጥቡ አይደለም። ማነጣጠሪያው መስተካከል ያለበት ወደ መሀሉ ነው። ይህ ሙከራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚዘልሉት ግን ብዙዎች ናቸው።

ስህተት የሚበዛበት ሌላው ነገር ርቀቱ ነው። መነጽሩ ከበርሜሉ መሀል 4 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ተገጥሟል እንበል። በ25 ሜትር የመነጽሩን መስቀል ከሌዘሩ ነጥብ ጋር ያገጣጠመ ሰው፣ በ100 ሜትር የእይታው መስመር ከበርሜሉ መስመር 12 ሴንቲሜትር ዝቅ ይልበታል። በሴኮንድ 800 ሜትር ያህል ፍጥነት የሚወጣ አረር በ100 ሜትር ወደ 8 ሴንቲሜትር ይወድቃል። ስለዚህ ጥይቱ ከታለመበት በላይ ወደ 4 ሴንቲሜትር ያርፋል፤ ይህ ለመጀመሪያ ተኩስ ጥሩ ነው። ያው ሰው ቦታ አጥሮት በ10 ሜትር ቢያስተካክል ግን የእይታው መስመር በ100 ሜትር 36 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ ጥይቱም ወደ 28 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ከወረቀቱ ሊያመልጥ ይችላል። በግቢ ውስጥ አስተካክሎ ተኩስ ሜዳ ላይ የተደናገረ ሰው ችግሩን መጀመሪያ እዚህ ይፈልገው።

ታሪክ

የመጀመሪያውን ሌዘር ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1960 በካሊፎርኒያ በሩቢ ድንጋይ አበራ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በቴህራን የተወለደው አሊ ጃቫን ከባልደረቦቹ ጋር የሂሊየምና የኒዮን ጋዝ ሌዘር ሠራ። በ1962 የተገኘው የሴሚኮንዳክተር ሌዘር በኋላ ረክሶና አንሶ ወደ ጥይት ቅርጽ ሊገባ ቻለ።

በርሜልን ከማነጣጠሪያ ጋር የማስማማት ሥራ ግን ከሌዘር ይቀድማል። በ1940 በብሪታንያ ሰማይ ላይ የተዋጉት ስፒትፋየርና ሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላኖች በክንፎቻቸው ስምንት .303 መትረየሶች ነበሯቸው። መትረየሶቹ ፊት ለፊት አንድ ቦታ ላይ እንዲገናኙ በመሬት ላይ ይስተካከሉ ነበር። መጀመሪያ የተመደበው ርቀት 400 ያርድ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካዊው አብራሪ ሴይለር ማላንና መሰሎቹ ግን 250 ያርድ ይሻላል ብለው አጠበቡት።

ባለሁለት በርሜል ጠመንጃና የናይሮቢ አዳኞች

ሌዘር ሊያሳስት እንደሚችል ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የምሥራቅ አፍሪካ ትላልቅ አዳኞች ይወዱት የነበረው ባለሁለት በርሜል ጠመንጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ወደዚህ ለአደን ሲመጡ ከእንግሊዛውያን አድናቂዎቻቸው የተበረከተላቸውን የሆላንድ ኤንድ ሆላንድ .500/450 ይዘው ነበር። በ1904 የተከፈተው የናይሮቢው ኖርፎክ ሆቴል የእንዲህ ዓይነት ጉዞዎች መነሻ ሆነ። የምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያ አዳኞች ማኅበርም በ1934 እዚሁ ናይሮቢ ተመሠረተ። ፊሊፕ ፐርሲቫል ከታወቁት አባላቱ አንዱ ነበር። ኬንያ በ1977 አደንን ስትከለክል ማኅበሩም ፈረሰ።

በዚህ ጠመንጃ ሁለቱ በርሜሎች ጎን ለጎን ናቸው፤ ትይዩ ግን አይደሉም። ወደ አፈሙዛቸው እየተጠጋጉ ይሄዳሉ። ምክንያቱ ርግጫው ነው። የቀኝ በርሜል ሲተኮስ ኃይሉ ከጠመንጃው መሀል መስመር በስተቀኝ ስለሚያርፍ፣ አረሩ ገና ሳይወጣ ጠመንጃው ወደ ቀኝና ወደ ላይ ይዞራል። የግራው በተቃራኒው ወደ ግራ ይወስዳል። በርሜሎቹ ትይዩ ቢሆኑ ሁለቱ ጥይቶች እየተራራቁ ይሄዱ ነበር። ስለዚህ ሠሪው በመካከላቸው ሽብልቅ አስገብቶ በብየዳ ያይዛቸዋል፤ ይተኩሳል፤ የት እንዳረፉ ያያል፤ ብየዳውን አሙቆ ሽብልቁን ገፋ ወይም ሳብ ያደርጋል፤ እንደገና ይተኩሳል። ሁለቱ ጥይቶች ከ50 እስከ 100 ያርድ ባለው ርቀት አጠገብ ላጠገብ እስኪያርፉ ድረስ ይህ ይደጋገማል።

እንዲህ በተሠራ ጠመንጃ ላይ ሌዘር ሲገባ የቀኙ በርሜል ነጥብ ከኢላማው በስተግራ፣ የግራው በስተቀኝ ያርፋል። የሠሪውን ሥራ የማያውቅ ሰው «ጠመንጃው ተበላሽቷል» ሊል ይችላል። ያልተበላሸ ብቻ ሳይሆን፣ ጥበብ ባለው እጅ የተሠራ ነው። ማስተካከያው የተደረገው ለአንድ ዓይነት ጥይት በመሆኑ የባሩዱ መጠን ወይም የአረሩ ክብደት ሲለወጥ ጥይቶቹ እንደገና ሊለያዩ ይችላሉ።

ባለአንድ በርሜሉም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አረር በበርሜል ውስጥ የሚቆየው የሴኮንድ አንድ ሺኛ ገደማ ነው፤ በዚያች ቅጽበት ግን በርሜሉ ይንቀጠቀጣል፣ ሰደፉም ትከሻን ይገፋል። ሌዘሩ ከእነዚህ አንዱንም አያይም።

ከፍታ

ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ 16 በመቶ ይሳሳል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ ወደ 20 በመቶ። የሳሳ አየር አረሩን ብዙም አይዝም። በሞምባሳ ወደብ ለረጅም ርቀት ዜሮ የተደረገ ጠመንጃ ናይሮቢ ላይ ከፍ አድርጎ ይመታል። በ100 ሜትር ልዩነቱ የሚታይ አይደለም፤ ከ500 ሜትር በላይ ግን ችላ አይባልም። የሌዘሩ ነጥብ በሁለቱም ከተሞች ያው ነው።

ጥንቃቄ

ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጥ። ሥራው ሲያልቅ ሌዘሩ መውጣቱ የበለጠ ሊረጋገጥ ይገባል፤ በአፈሙዙ የተሰካ ነገር እያለ ከተተኮሰ በርሜሉ ሊፈነዳና ተኳሹን ሊገድል ይችላል። ጥሩ ልማድ ሌዘሩን ከማውጣት በፊት ጥይት ወደ ጠረጴዛው አለማቅረብ ነው። ነጥቡን በሰው ዓይን ላይ ማሳረፍ አይፈቀድም።

ሕግና ተቋማት

በኬንያ የግል መሣሪያ በጦር መሣሪያ ሕግ ምዕራፍ 114 የሚመራ ሲሆን ፈቃድ የሚሰጠው የጦር መሣሪያ ፈቃድ ቦርድ ነው። ባለፈቃዶች ከሚለማመዱባቸው ሜዳዎች አንዱ በኪያምቡ አውራጃ ኪሪጊቲ ይገኛል። በዚያው አውራጃ በሩይሩ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 በፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የተመረቀው ፋብሪካ በዓመት 12,000 ጠመንጃ የማምረት አቅም እንዳለው ተገልጿል። ኢትዮጵያም የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮል እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈረመ ሲሆን የአነስተኛ መሣሪያዎች ዝውውርን ይመለከታል፤ የሚያስፈጽመው አካባቢያዊ ማዕከል መቀመጫው ናይሮቢ ነው።

በኢትዮጵያ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 በ2012 ዓ.ም. ወጥቷል። በአገሩ በብዛት የሚታየው ክላሽ ከኋላ አሻግሮ ማየት ስለማይመች የጥይት ቅርጽ ያለው ሌዘር ይስማማዋል። የፊት ማነጣጠሪያው ዘንግ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር በ100 ሜትር 20 ሴንቲሜትር ያህል ይለውጣል። ዘንጉ ወደ ታች ሲገባ ምቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወደ ጎን አንድ ሚሊሜትር ሲገፋ ደግሞ ምቱ በተቃራኒው አቅጣጫ 26 ሴንቲሜትር ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሦስት ወይም አራት ጥይት በአንድ ነጥብ ላይ አነጣጥሮ መተኮስና የምቶቹን መሀል ለክቶ ቀሪውን ማረም ያስፈልጋል።