መንትያ የመድኃኒት ሞለኪውሎች እንዴት ይለያሉ?

በምሥራቅ አፍሪካ ለቢልሃርዚያ ሕክምና በስፋት የሚሰጠው ፕራዚኳንቴል የተሰኘው ኪኒን ከያዘው መድኃኒት ትሉን የሚያጠፋው በዋናነት ግማሹ ብቻ ነው።

ምክንያቱ የሞለኪውሎቹ ቅርጽ ነው። መድኃኒቱ “አር” እና “ኤስ” የሚባሉ ሁለት ቅርጾች እኩል ድብልቅ ነው። ሁለቱም በተመሳሳይ አተሞች የተገነቡ ናቸው። ነገር ግን እንደ ቀኝ እና ግራ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል በመሆኑ፣ ቢደራረቡ አይገጥሙም። ትሉን የሚያጠፋው “አር” ሲሆን፣ “ኤስ” ግን የኪኒኑን መጠንና ምሬት ይጨምራል።

ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር እነዚህን መንትዮች ብቻውን ሊለያቸው አይችልም፤ ክብደታቸው አንድ ነውና። ስለዚህ ናሙናው አስቀድሞ በሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ውስጥ ያልፋል። በዚህ ዘዴ ናሙናው በፈሳሽ እየተገፋ ደቃቅ ዱቄት በተሞላ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ይጓዛል። ዱቄቱ ለምሳሌ ከሴሉሎስ በተሠራ ንጥረ ነገር የተለበጠ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ራሱ እንደ እጅ የቀኝና የግራ ቅርጽ ስላለው አንደኛውን መንትያ ይበልጥ ይዞ ያዘገየዋል፤ ሌላኛው ቀድሞ ይወጣል። ማስ ስፔክትሮሜትሩም በየተራ የሚደርሱትን ሞለኪውሎች መጠን ይለካል። የትኛው “አር” እንደሆነ የሚታወቀው ማንነቱ ከተረጋገጠ ናሙና የመውጫ ጊዜ ጋር በማነጻጸር ነው።

ልዩነቱ ለታካሚው ትርጉም አለው። ጉበት “አር”ን ከ“ኤስ” በበለጠ ፍጥነት ይሰባብራል። ሁለቱ ሳይለዩ በደም ውስጥ ቢለኩ፣ ፈዋሹ መድኃኒት ከእውነታው የበዛ ይመስላል። ይህም ተመራማሪዎች ትክክለኛውን የመድኃኒት መጠን ሲወስኑ ሊያሳስታቸው ይችላል።

ይህ ጉዳይ በተለይ ሕጻናትን ይመለከታል። ነባሩ ኪኒን ትልቅና መራራ በመሆኑ ለትንንሽ ልጆች አይመችም። ዕድሜያቸው ለትምህርት ያልደረሱ ሕጻናትም ለዓመታት ከጅምላ ሕክምና ዘመቻዎች ውጭ ሆነው ቆይተዋል። አርፕራዚኳንቴል የተባለው አዲሱ መድኃኒት ግን “አር”ን ብቻ ይይዛል፤ መጠኑ አነስተኛ ነው፤ በውሃም ይሟሟል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ከ3 ወር እስከ 6 ዓመት ለሆኑ ሕጻናት እንዲውል በአውሮፓውያኑ 2023 መጨረሻ ድጋፉን የሰጠ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2024 የጥራት ማረጋገጫ ሰጥቶታል።