እንቅልፍ የተነፈገ ሙያ

ሐኪም ቀኑን ውሎ፣ ሌሊቱን አድሮ፣ በማግስቱም ሳይተኛ ሕሙማን የሚያይበት ልማድ ከሙያው ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላል። ብዙዎችም የሐኪም ጽናት መፈተኛ አድርገው ያዩታል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ልማዱ የተወለደው እንቅልፍ ለአእምሮ ምን እንደሚሠራ ከመታወቁ በፊት፣ የዛሬውን በማይመስል ሆስፒታል ውስጥ ነው። እስካሁን ያቆየውም በዋናነት በእሱ ውስጥ ያለፉ ሰዎች ምስክርነት ነው። ይህ ምስክርነት ቅንነቱ ባያጠራጥርም፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ሁሉ ደካማው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1889 በባልቲሞር የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለአሜሪካ የስፔሻሊቲ ሥልጠና መሠረት ጥሏል። ዊልያም ኦስለር በውስጥ ደዌ፣ ዊልያም ሃልስቴድ በቀዶ ሕክምና ያሰለጠኗቸው ወጣት ሐኪሞች እዚያው ግቢ ውስጥ ይበሉ፣ እዚያው ይተኙ፣ ሥልጠናው እስኪያልቅም ሳያገቡ ይቆዩ ነበር። ስለ ሃልስቴድ ተደጋግሞ የሚነገር ታሪክ አለ፤ በ1884 ኮኬይን ለማደንዘዣነት መዋል አለመዋሉን በራሱ ላይ ሲሞክር ሱስ ያዘው፤ ስለዚህ ድካም የማያውቀው ሥርዓት የዚያ ሱስ ውጤት ነው ይባላል። ሱሱ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን አያሳምንም። የኦስለር ሠልጣኞችም ኑሯቸው በሆስፒታሉ ውስጥ ነበር፤ ሃልስቴድ ራሱም ረጅም ዕረፍት የሚወስድ ሰው ነበር። ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የዘመኑ ሆስፒታል ነው። አንቲባዮቲክ የለም፤ የመተንፈሻ መሣሪያ የለም፤ የጽኑ ሕሙማን ክፍልም የለም። ሌሊት የተጠራ ሐኪም ሊያደርገው የሚችለው ጥቂት ስለነበር፣ በግቢው ማደር ማለት በአመዛኙ በጥሪ መካከል መተኛት ማለት ነበር። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጋመስ ሕክምናው ተለወጠ፤ ሌሊቱ እንደ ቀኑ በሥራ ተሞላ። የተረኝነቱ ሰዓት ግን በቀድሞው ርዝመት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ማስረጃው ቀስ እያለ መጣ። በ1971 በ14 ኢንተርኖች ላይ የተደረገ ትንሽ ጥናት፣ እንቅልፍ ባጡ ጊዜ የልብ ምት ሰንጠረዥ ሲያነቡ ካረፉበት ጊዜ በጣም የበዛ ስህተት እንደሚሠሩ አሳየ። ጥናቱ ቢታተምም የተረኝነት መርሐ ግብሩን የነካ አልነበረም። ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣው በ1984 የተከሰተ ሞት ነው። የ18 ዓመቷ ሊቢ ዛየን በትኩሳት ኒው ዮርክ ውስጥ ሆስፒታል ገባች፤ ያዩዋት በሥልጠና ላይ ያሉ፣ ብዙ ሕሙማን የያዙ ሐኪሞች ነበሩ። ከምትወስደው የድብርት መድኃኒት ጋር የማይስማማ ፔቲዲን የተባለ መድኃኒት ተሰጣት፤ በማግስቱም ጠዋት አረፈች። የሞቷ ምክንያት በፍርድ ቤት ለዓመታት ቢያከራክርም፣ ጠበቃና ጋዜጠኛ የነበረው አባቷ ሲድኒ ዛየን ጥያቄውን ከግለሰቦች ጥፋት አሻግሮ ወደ ሥርዓቱ ወሰደው። በሐኪሙ በርትራንድ ቤል የተመራ ኮሚሽን ባቀረበው ምክር የኒው ዮርክ ግዛት በ1989 የሠልጣኞችን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ገደበ። አገር አቀፉ ገደብ የመጣው በ2003 ነው፤ ከሞቷ 19 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ይህን ያህል መዘግየቱ ያሳዝናል።

ልማዱን የሚደግፉ ሐኪሞች ክርክር ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሕመም በሰዓት አይገደብም፤ በሽተኛውን ከመጀመሪያው ያየ ሐኪም እስኪለይለት ቢከታተለው ይሻላል፤ ርክክብ በበዛ ቁጥር መረጃ ይጠፋል ይላሉ። ርክክብ አደገኛ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም በ2014 በዘጠኝ ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት ርክክቡ ሥርዓት ሲበጅለት የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ ቀንሷል፤ ርክክብን ማስተካከል ይቻላል ማለት ነው። ያልተኛ አእምሮን ግን ከመተኛት በቀር የሚያስተካክለው የለም። በቦስተን በ2004 የታተመው የክሪስቶፈር ላንድሪጋን ጥናት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ በተከታታይ የሚሠሩ ኢንተርኖች ሰዓታቸው ካጠረላቸው ይልቅ 36 በመቶ የበለጠ ከባድ ስህተት መሥራታቸውን አሳይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከሙከራ የመጣው ነው። በ2016 በ117 የቀዶ ሕክምና ማሰልጠኛዎች የተደረገ ሰፊ ሙከራ፣ ተረኝነቱ ሲረዝም በሕሙማን ላይ የባሰ ነገር አላገኘም። ይህን ውጤት ማክበር ይገባል። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የ80 ሰዓቱን ሳምንታዊ ገደብ ጠብቀው ነው የሠሩት፤ ስለዚህ ንጽጽሩ በጥንቱ ልማድና በዕረፍት መካከል አልነበረም። በ2020 በስድስት የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረገው ጥናት ደግሞ ሰዓት ባጠረበት በኩል ስህተት በዝቶ አገኘ፤ እዚያ ግን እያንዳንዱ ሐኪም የሚይዘው በሽተኛም በዝቶ ነበር፤ ይህ ሲሰላ ልዩነቱ ጠፋ። ከዚህ የሚገባኝ ሰው ሳይጨመር ሰዓት ብቻ መቀነስ ሸክሙን ከሌሊት ወደ ቀን ማዛወር መሆኑን ነው።

የአንጋፋዎቹ ምስክርነት የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። «እኛም አልፈንበት ጎበዝ ሐኪም ሆነናል» ይላሉ። በ2003 የታተመ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን ለ14 ቀናት በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎች ትኩረታቸው ከቀን ወደ ቀን ሲያሽቆለቁል፣ ራሳቸው የሚሰማቸው እንቅልፍ ግን ያን ያህል እንዳልጨመረ አሳይቷል። እንቅልፍ ማጣት ከሚያደክማቸው ነገሮች አንዱ የራስን ድካም የመመዘን ችሎታ ነው። ስለዚህ በዚያ ሌሊት ደህና እንደሠራ የሚያስታውስ ሐኪም አልዋሸም፤ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ ግን አልነበረውም። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። በ2005 የታተመ፣ 2,737 ኢንተርኖችን የተከታተለ ጥናት ከረጅም ተረኝነት ወጥተው ወደ ቤት ሲነዱ የመኪና አደጋ የመድረሱ ዕድል ከእጥፍ በላይ መሆኑን አግኝቷል። የሕሙማንን ሞት ብቻ የሚቆጥር ሙከራ ይህን ጉዳት አያየውም።

በኢትዮጵያ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ዲዩቲ የሚባለው ልማድ የዚሁ ታሪክ ቅርንጫፍ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ሐኪሞችና ኢንተርኖች ባሰሙት አቤቱታ ውስጥም የሥራው ጫና ተነስቷል። እዚህ የሚቀርበው መከራከሪያ ከባልቲሞሩ ይለያል፤ ሐኪም የለም፣ ያለውም ቢተኛ ሕሙማኑን ማን ያያቸዋል የሚል ነው። ክብደት ያለው ጥያቄ ነው። ይሁንና ሐኪም በጎደለበት አገር አንድ ሐኪም በመንገድ አደጋ ማጣት፣ ወይም በድካም የተሳሳተ መድኃኒት ማዘዙ፣ ሐኪም ከተትረፈረፈበት አገር ይልቅ ይጎዳል። ሰው እስኪጨመር ድረስም በጥቂት ወጪ የሚጀመር አለ፤ ሌሊት በየተራ የሚተኙበት ክፍል፣ በጽሑፍ የሚደረግ ርክክብ፣ ያደረ ሐኪም ጠዋት አስረክቦ እንዲሄድ የሚያደርግ መርሐ ግብር፣ ራቅ ብሎ ለሚኖረውም የሚያደርሰው የሆስፒታል መኪና።