ጎመን ዘርና ሰናፍጭ በበዓል ማዕድ

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በመሸንቲና በዙሪያዋ፣ እንደ ሌላው የጎጃም ገጠር ሁሉ፣ ጎመን የክረምት ምግብ ነው። ጎተራው በሚመናመንበት በሐምሌና በነሐሴ የገበሬው ቤተሰብ ጓሮውን ተማምኖ ይከርማል፤ መስከረም ሲጠባ ግን፣ በሕዝቡ አነጋገር፣ የጎመኑ ምንቸት ተሰናብቶ የገንፎው ይገባል። በዓሉ የሚከፈተው ጎመንን በማሰናበት ነው ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የተሰናበተው ቅጠሉ ነው፤ ዘሩ ከቤት አይወጣም። የበዓሉ እንጀራ ከመጋገሩ በፊት ምጣዱ በተፈጨ ጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ቅባቱ ሊጡ ከሸክላው እንዳይጣበቅ ያደርጋልና። ዶሮ ወጥ የሚፈስበት እንጀራ አስቀድሞ በጎመን እጅ ያልፋል።

ሰናፍጭ የዚሁ የጎመን ዘር የቅርብ ዘመድ ነው። ናጋሃሩ ኡ የተባለው የጃፓን የዕፅዋት ሊቅ በ1935 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ጎመን ዘር ጥቁር ሰናፍጭ ከጥቅል ጎመን ወገን ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው፤ የውጭ ሊቃውንትም «የኢትዮጵያ ሰናፍጭ» ይሉታል። የእኛ ገበሬ ግን አንዱን በጎመንነቱ፣ ሌላውን በሚሰነፍጠው ጠባዩ ለይቶ ሰይሟቸዋል፤ ስያሜው ከአገልግሎታቸው የመነጨ ነውና ከሊቃውንቱ አያንስም።

ደረቁ የሰናፍጭ ዱቄት ሽታው እምብዛም ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ሲለወስ ግን በውስጡ ተለያይተው የቆዩት ንጥረ ነገሮች ተገናኝተው አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ኃይል ይፈጥራሉ፤ የፈላ ውሃ ይህን ኃይል ያጠፋዋል። ባለሙያ ሴቶች ይህን ለማወቅ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም። በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ምስር ተቀቅሎ በሰናፍጭ፣ በቃሪያ፣ በሽንኩርትና በሎሚ አዚፋ ይሆናል። ስልጆ ግን ከዚህ የጠለቀ ሙያ ይጠይቃል፦ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ይገነፋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሰናፍጭ ተጨምሮበት ለቀናት ይቀመጣል። ሰናፍጩ እዚህ ማጣፈጫ ብቻ አይደለም፤ ስልጆውን የሚያኮመጥጡት ረቂቅ ሕዋሳት አብረውት ይገባሉ።

ስለ ነገሥታቱ ግብር ብዙ ተብሏል፤ ስለ ባልትና የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የበዓል ምግብ ሲነሣም የሚቆጠረው ሥጋው፣ ዶሮውና ድፎው ሲሆን፣ የጾሙ ገበታ ከታሪክ ውጭ ይቀራል። ይህ አከፋፈል ማዕድ ቤቱን አያውቅም። በፋሲካ ጧት ጾሙ ሲፈታ፣ ለስልጆ የተፈጨው ሰናፍጭ ከአዋዜው ጎን ለጥሬ ሥጋው ማባያ ሆኖ ይቀርባል።