ጠባብ ጨጓራ፣ ሰፊ ሆድ

በአማርኛ «ሆድ» የምግብ ማደሪያ ብቻ አይደለም፤ ምሥጢር የሚቀበርበት፣ ቂም የሚቋጠርበት፣ ኀዘን የሚብላላበት ጓዳ ነው። ታጋሹን «ሆደ ሰፊ»፣ ቶሎ የሚከፋውን «ሆደ ባሻ»፣ ለጥቅሙ ያደረውን «ሆድ አደር» እንላለን። ሊነገር የማይቻል ነገር ሲገጥመንም «ሆድ ይፍጀው» ብለን እናልፋለን። ለመሆኑ ውፍረቷን ለመቀነስ ጨጓራዋን በቀዶ ሕክምና ያስጠበበች ሴት እንዲህ ባለ ሕዝብ ማዕድ ስትቀርብ ምን ይገጥማታል?

ጥያቄውን ያነሣብኝ ደብረ ኤልያስ ላይ ያየሁት ነው። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ይህች ከተማ የቅኔ አገር ናት፤ ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለዱባት፣ ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የተማሩባት። ከባሕር ማዶ የመጣች አክስቴ በአንድ ድግስ ላይ ሁለት ጉርሻ እንደ ቀመሰች እጇን ሰበሰበች። ባለቤቲቱ ግን «በሞቴ! አፈር ስሆን! ይችን ብቻ!» እያሉ አጎረሷት፤ ጠጅም በብርሌ አስከተሉ። ጥቂት ቆይቶ ፊቷ በላብ ተጠመቀ፤ ልቧ ደለቀ፤ ሆዷን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። በቤቱ ሹክሹክታ ሆነ። አንዱ «ናቀችን» አለ፤ ሌላው «ቡዳ ይሆናል» አለ።

ቡዳም ንቀትም አልነበረም። ሕመሙ የራሱ ስምና ታሪክ አለው። በጥር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳል «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ተብለው በጎጃም ላይ ሲነግሡ፣ በዚያው ወር ቪየና ውስጥ ቴዎዶር ቢልሮት የተባለ ሐኪም ካንሰር የያዘውን የአንዲት ሴት ጨጓራ በከፊል ቆርጦ ቀሪውን ከአንጀቷ ጋር ሰፋው። ሴትዮዋ ካንሰሩ ከወራት በኋላ ቢገድላትም ከቀዶ ሕክምናው ተርፋለች። ከዚያ ወዲህ በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ብዙዎች በዚህ መንገድ ታከሙ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በበሉ ቁጥር ላብ፣ የልብ ትርታ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ያዛቸው። እንግሊዛዊው አርተር ኸርትስ በ1913 እ.ኤ.አ. ሁኔታውን ገለጸው፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ሚክስ በ1922 «ዳምፒንግ» አለው፤ መዘርገፍ ማለት ነው። ጤነኛ ጨጓራ ምግቡን ፈጭቶ በበሩ በኩል ጥቂት በጥቂት ወደ አንጀት ይለቃል። በሩ ሲቆረጥ ወይም ሲታለፍ ግን ምግቡ፣ በተለይ ጣፋጩ፣ በአንድ ጊዜ ይዘረገፍና ከደም ውኃ ወደ አንጀት ይስባል።

በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በአይዋ፣ ኤድዋርድ ሜሰን ጨጓራቸው የተቆረጠላቸው ቁስለኞች ከሲታ ሆነው መቅረታቸውን አስተውሎ ያንኑ ዘዴ ለውፍረት ሕክምና አዋለው። የአክስቴ ሕክምና ከዚያ የተወለደ ነው። ስለዚህም የቀድሞዎቹን ሕመምተኞች መከራ አብሮ ወረሰ።

መከራው ግን ዘዴ አለው። ጥቂት ጥቂት ደጋግሞ መብላት፤ እስኪልም ማላመጥ፤ ፕሮቲን ያለውን ማስቀደም፤ ከምግብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቆዩ አለመጠጣት። የጎጃም ማር ስሙ የታወቀ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ግን ጠጅ ድርብ ጠላት ነው፤ ስኳሩ ይዘረገፋል፣ አልኮሉም ከሌላው ሰው ፈጥኖ ደም ውስጥ ይገባል። ቫይታሚን ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም በሐኪም ትእዛዝ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። ማስታወክ ከበረታ ቫይታሚን ቢ1 ተሟጥጦ ነርቭና አንጎል ሊጎዳ ይችላልና ሐኪም ዘንድ መሮጥ ይገባል። በጾም ጉዳይም ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «በሞቴ» ነው። እምቢ ማለት ማስቀየም ነው፤ እሺ ማለት መታመም። አክስቴ በሁለቱ መካከል ተጨንቃ ከዚያ ቀን በኋላ ግብዣ መሸሽ ጀመረች። እኔን ያሳዘነኝ ይህ ነው። ደብረ ኤልያስ ለዘመናት በቁራሽ የሚያድር የቆሎ ተማሪ ያስተማረች አገር ናት። እርሱ ወድዶ ሳይሆን አጥቶ ነበር ጥቂት የሚበላው፤ ሆኖም ጥቂት በመብላቱ ማንም «ናቀን» አላለውም።

ነገሩን ለባለቤቲቱ አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። በማግሥቱ ጧት በስኒ እርጎ ይዘው መጡና ከአክስቴ አጠገብ አስቀመጡላት። «ስትችዪ ቅመሺው፤ ባትችዪም ግድ የለም» አሏት። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀባት፤ እርሳቸውም ሌላ ጨዋታ እያወሩ እስክትጨርስ አብረዋት ተቀመጡ።